ከፍርዱ በፊት ፊልሙን የሚያቆመው ወንድሜ

ሰበታ፣ እኛ ሰፈር፣ «ክቡር ዳኛ» ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ችሎት ላይ የሚቀመጥ ሰው አይደለም። ወንድሜ ታምራት ነው። ታምራት ዳኛ አልነበረም፤ ጠበቃም አልነበረም። ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ አንድ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ማይክራፎን ይዞ ተቀምጦ የአሜሪካ ፊልም የሚተረጉም ሰው ነበር። ባለፈው ክረምት ሞተ። አርባ ዓመት እንኳ አልሞላውም።

የሞተው በድንጋይ ተመትቶ ነው። ድንጋዩን ወርውሯል ተብሎ አንድ ልጅ ተከሰሰ። እኔ ደግሞ የዐቃቤ ሕግ ምስክር ሆኜ ተጠራሁ። ዘመድ ሁሉ ከእኔ የሚጠብቀው አንድ ነገር ነበር፤ «ሲወረውር አይቻለሁ» እንድል። እኔ ሲወረውር አላየሁም። ይህ ነገር ቤታችንን ምን እንዳደረገው በኋላ እናገራለሁ። መጀመሪያ ግን ታምራት ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ መናገር አለብኝ፤ አለዚያ የሆነው ነገር አይገባም። ጽሑፍ ብዙም አልችልም። ትምህርቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። እንደመጣልኝ ነው የምጽፈው።

እኛ ድሮ አዲስ አበባ ነበርን። ሰፈራችን ሲፈርስ እማዬ ሁለታችንን ይዛ ሰበታ ቤት ተከራየች። አባታችን ቀድሞ ሞቶ ነበር። ታምራት ከእኔ በጣም ስለሚበልጥ አባትም ወንድምም ሆኖ ነው ያሳደገኝ። ሕግ መማር ይፈልግ ነበር፤ ነጥብ አልመጣለትም። ፍላሽ ላይ ፊልም የሚጭን ሱቅ ውስጥ ተቀጠረ። ቀኑን ሙሉ ፊልም ሲያይ እንግሊዝኛውን ከዚያው ለመደ። ኦሮምኛውን ደግሞ ከሰፈሩ። ከዚያ ይቺን የቆርቆሮ ቤት ከኦቦ ገመቹ ተከራይቶ ቪዲዮ ቤት ከፈተ።

መስኮቷ ላይ ፀሐይ እንዳይገባ ግራጫ ብርድ ልብስ ተቸንክሯል። ከፊት ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ ስፒከር፣ ከዚያ አግዳሚ ወንበሮች። ዝናብ ሲመጣ የጣራው ጩኸት ድምፁን ስለሚውጠው ታምራት ፊልሙን አቁሞ እስኪያባራ ይጠብቃል። ዛሬ ሁሉም ሰው ፊልም የሚያየው ስልኩ ላይ ነው፤ ቪዲዮ ቤት ድሮ ቀረ ይባላል። የእሱ ቤት ግን ቅዳሜና እሑድ መቆሚያ አይገኝበትም ነበር። የፋብሪካ ሠራተኞች፣ የባጃጅ ልጆች፣ የቀን ሠራተኞች፣ አንዳንዴም ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ።

ሲተረጉም ፊቱን ወደ ሰው አያዞርም። ጎኑን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቶ፣ በግራ እጁ ጆሮውን ሸፍኖ ይቀመጣል። ሴት ስትናገር ድምፁን አያቀጥንም፤ ቀስ ብሎ ብቻ ነው የሚናገረው፤ ሰውም ይገባዋል። ለተዋንያኑ ስም የሚያወጣላቸው እሱ ነው። ዐቃቤ ሕጉ በየትኛውም ፊልም ላይ «አቶ መኮንን» ነው፤ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲገርፈው በነበረ መምህር ስም። የተከሳሹ ጠበቃ ደግሞ ሁልጊዜ «ጋሽ ከበደ» ነው። ጋሽ ከበደ ተነስቶ «ክቡር ዳኛ!» ሲል ቤቱ ሙሉ አብሮ «ክቡር ዳኛ!» ይላል። የታምራት ቅጽል ስም የመጣው ከዚህ ነው።

የድብድብ ፊልም አይወድም ነበር። ሥራው ስለሆነ ይተረጉመዋል፤ ልቡ ግን የፍርድ ቤት ፊልም ላይ ነው። አሜሪካኖች ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም የሚሉትን ዳኛው ብቻውን እንዲወስን አይተዉትም፤ ከሕዝቡ መሃል አሥራ ሁለት ሰው ያስቀምጣሉ። ለእነዚህ ሰዎች በአማርኛ ምን እንደሚላቸው ብዙ ጊዜ ተጨንቆ «አሥራ ሁለቱ ሽማግሌዎች» አላቸው።

«ታምሬ፣ ያቺ እኮ ኮረዳ ናት። ሽማግሌ ትላታለህ?» አለው አንዱ።

«ለፍርድ የተቀመጠ ሰው ሽማግሌ ነው። ዕድሜው አይጠየቅም።»

«እንዲህ ያለች ሽማግሌ ወደ እኛም ቤት ይላክልን!»

በዚህ ይሳቃል። እሱ ግን አይስቅም። ሥራ ላይ እያለ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ልማዱ እንዲህ ነበር። ፍርዱ ሊነበብ ሲል ፊልሙን ያቆመዋል። መብራት ያበራል። ከአግዳሚው ላይ በጣቱ ይመርጣል። «አንተ ባለ ኮፍያ። አንቺ። አንተ ቆሎ የምትበላው። ኦቦ ገመቹ፣ እርስዎም ይምጡ።» አሥራ ሁለት ሲሞሉ ወደ ፊት መጥተው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም? ሁሉም አንድ ቃል ካልሆኑ ፊልሙ አይቀጥልም። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ተናዶ ነበር። «ለማየት ነው የመጣነው፣ ለሥራ አይደለም» የሚል ነበር። በኋላ ግን ሰው የሚመጣው ለዚህ ሆነ። ያልተመረጠ ያኮርፋል።

አንድ ጊዜ አንዲት ነርስ የምታስታምመውን ሀብታም ሽማግሌ በመድኃኒት ገድላለች የሚል ፊልም ነበር። አሥራ አንዱ «ገድላለች» አሉ። ሰናይት የምትባል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ብቻ እምቢ አለች። ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም።

«ስትሰጠው ማን አየ?» አለች።

«ኧረ ባክሽ! ኑዛዜው ላይ ስሟ አለ እኮ!»

«ስሟ ይኑር። እኔ ስትሰጠው ማን አየ ነው የምለው።»

«ይቺ ልጅ ዘመዷ ናት እንዴ?» አለ ሚኪያስ የሚባል የባጃጅ ሹፌር። ቤቱ በሳቅ አውካካ።

«እኔ መሄድ እፈልጋለሁ። በቃ ገድላለች በይና እንሂድ» አለ ሌላው።

«አንተ ትሄዳለህ። እሷስ ወዴት እንደምትሄድ አስበሃል?» አለች ሰናይት።

ክርክሩ ሲጋጋል መብራት ጠፋ። ሰው ጮኸ። ታምራት በጨለማው ውስጥ «በቃ፣ ዛሬ አለቀ» አለ። በማግስቱ ሰው እየመጣ «መጨረሻዋ ምን ሆነ?» ይለዋል። «እናንተ አልጨረሳችሁትም፤ እኔ ምን ልንገራችሁ» ይላል። ሚኪያስማ ባጃጁን አቁሞ ለመነው።

«ታምሬ፣ እንቅልፍ አጣሁ። ገድላለች አልገደለችም?»

«አላውቅም በል። አለማወቅ ትልቅ ነገር ነው።»

«ገዳይ ሆና ብንለቃትስ?»

«ገዳይ ሆና ከተለቀቀች ጥፋቱ የእሷ ነው። ሳትገድል ከታሰረች ግን ጥፋቱ ያንተና የእኔ ነው።»

የፊልሙን መጨረሻ ለእኔም አልነገረኝም።

ግን ይህ ሁሉ ጨዋታ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ኦቦ ገመቹ ከጎረቤታቸው ጋር የድንበር ክርክር ነበራቸው። ፍርድ ቤት ቀረቡ። ባላጋራቸው መናገር ሲጀምር ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱና «ተቃውሞ አለኝ፣ ክቡር ዳኛ!» አሉ። ዳኛው «አባቴ፣ ይቀመጡ፤ ተራዎ ሲደርስ ይናገራሉ» አላቸው። ተቀመጡ። ሰውዬው ቀጠለ። እንደገና ተነሱ። «ተቃውሞ!» በመጨረሻ ከችሎት ወጥተው እንዲጠብቁ ተደረገ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ቤቱ መጡ።

«ታምራት! አንተ ልጅ አዋረድከኝ!»

«ምን አደረግሁ፣ ኦቦ?»

«ተቃውሞ ካልክ ዳኛው ይሰማሃል አላልክም?»

«ፊልሙ ላይ ነዋ፣ ኦቦ።»

«እኔ ፊልሙ ላይ መሆኔን በምን ልወቅ? አንተ እንደሆነ በእኛው ቋንቋ ነው የምትናገረው!»

እኔ በሳቅ ሞትኩ። ታምራት ግን ፊቱ ጠቆረ። ኦቦ ገመቹን ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው፤ ይቅርታ ጠየቃቸው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሥራውን ዘግቶ አብሯቸው ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከፊልሙ በኋላ ትንሽ መናገር ጀመረ። «ይህ ያያችሁት የእነሱ ነው። እኛ ጋ አሥራ ሁለት ሰው የለም። እኛ ጋ ተራህን ትጠብቃለህ። ይቺና ይቺ ግን እኛም ሕገ መንግሥት ላይ አለች» ይላል። የተያዘ ሰው ዝም የማለት መብት እንዳለው፣ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት፣ እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ተብሎ እንደሚቆጠር። ሰው ግማሹ ይሰማዋል፤ ግማሹ ተነስቶ ይወጣል።

«አሜሪካ ቢሆን ኖሮ!» የሚል ሰው ሲያጋጥመው ደስ አይለውም ነበር።

«አሜሪካም ያለው ሰው ነው» ይላል። «የጻፉት ሌላ፣ ያደረጉት ሌላ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ድሃው ጠበቃ ይቆምለታል፤ ጠበቃው ግን መዝገቡን ሳያነብ የሚመጣበት ቀን አለ። ያለ ጥፋቱ ዕድሜውን እስር ቤት የጨረሰ አለ። ግን ጽፈውታል። የተጻፈ ነገር ይዘህ ልትጠይቅበት ትችላለህ።»

«የእኛስ?»

«የእኛም ተጽፏል አልኩህ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ጠይቅበት!»

ሚኪያስ ጠየቀበት። አንድ ቀን ትራፊክ ፖሊስ ባጃጁን አስቁሞ መንጃ ፈቃድ አምጣ ሲለው፣ ሚኪያስ እጁን አጣጥፎ «ዝም የማለት መብት አለኝ» አለ። «መንጃ ፈቃድ ነው የጠየቅሁህ።» ዝም። «ስምህ ማነው?» ዝም። ጣቢያ ወሰዱት። እዚያም ስሙን እምቢ አለ። ታምራት ሰምቶ ምሳ አስይዞኝ አብረን ሄድን። በፍርግርጉ በኩል ሲያየው መጀመሪያ ያለው «ስምህንማ ንገራቸው፣ አንተ ጅል!» ነው። ፖሊሶቹ ሳቁ፤ ሚኪያስም ሳቀ። መንጃ ፈቃዱ ኪሱ ውስጥ ነበረ። ከዚያ በኋላ ሚኪያስ ከታምራት አይለይም ነበር። ዕቃ ያመላልስልናል፤ እማዬን ቤተ ክርስቲያን ያደርሳታል። እማዬ «ልጄ» ነበር የምትለው።

ታምራት ወደተመታበት ቅዳሜ መምጣት አለብኝ።

ከሰዓት በኋላ ነው። ፊልም ተጀምሯል፤ እኔ በሩ ላይ ነኝ። ከገበያው በኩል «ሌባ! ሌባ!» የሚል የሴት ድምፅ ተሰማ። ስልኳን ነጥቋት ነው የሚሉት። ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ቀጭን ልጅ እየሮጠ መጣና ባጃጆቹ የሚቆሙበት ቦታ ላይ ተደናቅፎ ወደቀ። ወዲያው ሰው ከበበው። መጀመሪያ በእርግጫ ነበር። ከዚያ በዱላ።

ታምራት ፊልሙን አቁሞ ወጣ። ሰዉን በትከሻው እየገፋ ገባና ልጁ ላይ እግሩን ከፍቶ ቆመ።

«ፖሊስ ይምጣ! እስኪመጣ ማንም አይነካውም!»

«ክቡር ዳኛ፣ ዞር በል! ይሄ ፊልም አይደለም!» አለ አንዱ። ሰው ሳቀ። ያን ሳቅ አልረሳውም።

«ስልኩ የታለ? ፈትሻችሁታል?»

«ለጓደኛው አቀብሏል!»

«አቤት ጠበቃ! ስንት ከፈለህ?»

ታምራት ጎንበስ ብሎ ልጁን «ስምህ ማነው?» አለው። ልጁ አፉ በደም ተሞልቶ መናገር አልቻለም። ታምራት ቀና ብሎ «ስሙን እንኳ አታውቁም!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወደ ልጁ ድንጋይ መጣ። መጀመሪያ ትንንሽ ጠጠር፣ ቀጥሎ ከዚያ የሚበልጥ።

ወደ እሱ ለመድረስ እገፋለሁ። ሚኪያስን አየሁት። ከታምራት በስተጀርባ ነበር፤ በእጁ ድንጋይ ይዟል። ክንዱን አነሳ። በዚያች ቅጽበት አንድ ሰው ገፋኝና ወደቅሁ። ስነሳ ታምራት የጆሮውን ኋላ በእጁ ይዞ ቆሟል። ይህ ብቻ ነው ያየሁት። ብዙ ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ክንዱ ከተነሳ በኋላ ያለውን ለማየት ሞክሬያለሁ። የለም። ሰው ሲገፋኝ ነው የሚመጣብኝ።

ፖሊሶች ደርሰው ልጁን ወሰዱት። ከዚያ በኋላ አይተነው አናውቅም። ይስረቅ አይስረቅ እስከ ዛሬ አላውቅም። ታምራትም አያውቅም ነበር።

«ሐኪም ቤት እንሂድ» አልኩት።

«ደህና ነኝ። ሰው እየጠበቀ ነው» አለ።

ጀሪካኑን አዘንብዬለት ታጠበ። ገብቶ ቦታው ላይ ተቀመጠና ፊልሙን ካቆመበት ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ ንግግሩ መደባለቅ ጀመረ። አቶ መኮንን በኦሮምኛ ይናገራል፤ ጋሽ ከበደ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ። «ክቡር ዳኛ ዛሬ ለየለት!» አሉ። ከዚያ የማንም ያልሆነ ቋንቋ ሆነ። ማይክራፎኑ ከእጁ ወድቆ ስፒከሩ ሲጮህ ነው ሰው ዝም ያለው።

አዲስ አበባ ሆስፒታል ወሰድነው። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሷል አሉን። በማግስቱ ሞተ።

ለቅሶው ላይ ድንኳን የተከለው ሚኪያስ ነው። ወንበር የሚያመላልሰውም፣ ውኃ የሚቀዳውም እሱ ነበር። እያለቀሰ ነበር የሚሠራው። በሦስተኛው ቀን ፖሊስ መጥቶ ከድንኳኑ ወሰደው። በእጁ ድንጋይ አይተናል ያሉ ሰዎች ነበሩ። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሲወስዱት አየች። 

ከዚያ አጎቴ ጋሼ ተፈራ ከቡራዩ ይመላለስ ጀመር። የእማዬ ታላቅ ወንድም ነው። ነጋዴ ነው፤ ነገር ሲንጠለጠል አይወድም።

«ድንጋይ ይዞ አይተሃል?» አለኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ክንዱን ሲያነሳ አይተሃል?»

«አዎ።»

«ወንድምህ በዚያው ሰዓት ተመትቷል?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምን ቀረ? ክንዱን ያነሳው ሰላም ሊል ነው? መሃሏን አንተ ሙላት እንጂ!»

«ብዙ ሰው ነበር የሚወረውረው፣ ጋሼ።»

«ብዙውን ማን ያመጣዋል? የተያዘው እሱ ነው። ሌላ ምስክር ከሩቅ ነው ያየው። ቅርብ የነበርከው አንተ ነህ። አንተ ካልተናገርክ ይወጣል። ይወጣና እናትህ በር ላይ ባጃጁን ያቆማል። ይህን ትፈልጋለህ?»

አልፈልግም። እውነቱን ለመናገር፣ ሚኪያስ በእስር ቤት እንዲያረጅ እፈልግ ነበር። አሁንም አንዳንድ ቀን እፈልጋለሁ።

እማዬ እንደ ጋሼ ተፈራ አልጮኸችብኝም። አንድ ጠዋት የታምራትን ልብሶች አጥባ እያሰጣች፣ ፊቷን ሳታዞር ጠየቀችኝ።

«ሚኪያስ አይደለም ብለህ ታምናለህ?»

«አላምንም፣ እማዬ።»

«እሱ ነው ብለህ ታምናለህ?»

«አላውቅም።»

«ካላወቅህ ለምን ለእሱ ታደላለህ? ለወንድምህ አታደላም?»

 ለማን እያደላሁ እንደሆነ ለራሴም ግልጽ አልነበረም። ሸሚዙን ከእጇ ተቀብዬ አሰጣሁት። አንገትጌው ላይ ያለው ደም ገና ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም ነበር።

ከፍተኛው ፍርድ ቤት ከእኛ ሰፈር በታክሲ የሚኬድበት ነው። በቀጠሮው ቀን ከእማዬና ከጋሼ ተፈራ ጋር ሄድን። ምስክር እስኪጠራ ከችሎት ውጭ ነው የሚጠብቀው፤ ኮሪደሩ ላይ ቆምን። እማዬ በሩ ሲከፈት አጮልቃ አየች።

«ሦስት ናቸው» አለችኝ።

«አዎ፣ ዳኞቹ ናቸው።»

«አሥራ ሁለቱስ?»

«እኛ ጋ የሉም፣ እማዬ። ታምራት ይነግርሽ አልነበር?»

እማዬ ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ከኋላ ተቀምጣ ስንት ጊዜ አይታለች። ፍርድ ቤት ስትባል የምታውቀው ያንን ነው። «እና ከሰፈር ማንም የለም?» አለች። «እነዚህ ሦስቱ ልጄን አያውቁትም እኮ።»

ስሜ ተጠራ። መጽሐፍ ቅዱስ ይዤ ማልሁ። ችሎቱ የሚካሄደው በኦሮምኛ ነው፤ አስተርጓሚ ትፈልጋለህ ወይ ሲሉኝ አልፈልግም አልኩ። ሚኪያስ ፀጉሩ ተላጭቶ፣ ከስቶ ተቀምጧል። መንግሥት ያቆመለት ተከላካይ ጠበቃ አጠገቡ ነው፤ ወጣት ሴት ናት። ሚኪያስ አላየኝም። ጫማውን ነበር የሚያየው።

ዐቃቤ ሕጉ ጠየቀኝ። የት ነበርክ? ተናገርኩ። ተከሳሹን አይተኸዋል? አይቼዋለሁ። በእጁ ምን ነበር? ድንጋይ። ምን አደረገ? ክንዱን አነሳ።

«ከዚያስ? ሲወረውር አይተሃል?»

ከኋላዬ ጋሼ ተፈራ ሲያስል ሰማሁ። የእማዬን ትንፋሽ የሰማሁ መሰለኝ፤ ያን ያህል ቅርብ ግን አልነበረችም።

«ሂን አርጊኔ» አልኩ። አላየሁም ማለት ነው።

ዐቃቤ ሕጉ ደግሞ ጠየቀኝ። ደግሜ አልኩ። ከዚያ የመሃል ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ወደቅሁ ነው ያልከው?»

«አዎ።»

«ስትነሳ ተከሳሹ የት ነበር?»

«አላየሁትም። ወንድሜን ነበር የማየው።»

ጻፉ። ተከላካይ ጠበቃዋ «መስቀለኛ ጥያቄ የለኝም» አለች። ውጣ ተባልኩ። ያለቀው በዚህ ፍጥነት ነው።

ብይኑ የተነበበው ከሳምንታት በኋላ ነው። ሌሎቹም ምስክሮች ሲወረውር አላዩም ነበር። ዳኞቹ ማስረጃው አልበቃም፣ መከላከልም አያስፈልገውም ብለው በነፃ አሰናበቱት። ጋሼ ተፈራ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን አልመጣም። ሚኪያስ ወደ ሱሉልታ ሄደ ይላሉ፤ እዚያ የሰው ባጃጅ ይነዳል አሉ። ቪዲዮ ቤቱን ኦቦ ገመቹ ለእህል መጋዘን አከራዩት። ሊነግሩኝ ሲመጡ ብዙ ቆመው ነበር፤ አንገታቸውን ደፍተው «ባዶውን ሳየው አልቻልኩም» አሉኝ።

እኔ ግን ሁልጊዜ የሚመላለስብኝ ምስክርነቱን ሰጥቼ የተመለስንበት መንገድ ነው። ጋሼ ተፈራ ከችሎት እንደወጣን ጥሎን ሄደ። እማዬና እኔ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እማዬ የምትችለው የገበያ ኦሮምኛ ነው። ከኋላ ስለተቀመጠች ደግሞ በደንብ አልሰማችም።

«ምን አልካቸው?» አለችኝ።

«ድንጋይ ይዞ አይቻለሁ አልኩ።»

«እሺ።»

«ክንዱን ሲያነሳ አይቻለሁ አልኩ።»

«እሺ።»

«ሲወረውር አላየሁም አልኩ።»

ረዳቱ «ዓለም ገና ወራጅ አለ?» ብሎ ጮኸ። ሰዎች ወረዱ፤ ሌሎች ገቡ። እማዬ እስኪቀመጡ ጠበቀች።

«በሆድህስ? በሆድህ ማን ነው ትላለህ?»

ይህን ፍርድ ቤት ውስጥ ማንም አልጠየቀኝም ነበር። ለእሷ ልዋሻት አልቻልኩም።

«እሱ ይመስለኛል፣ እማዬ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርካቸውም?»

«ያየሁትን ነው የጠየቁኝ።»

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችና ወደ መስኮቱ ዞረች።   ሰበታ ደርሰን ከታክሲው ስንወርድ እጇን ሰጠችኝ፤ መውረጃው ከፍ ያለ ስለሆነ ነው። መሬት ስትረግጥ ለቀቀችኝና ቀድማኝ ሄደች።